በፋሲካ ማግስት የዘለለው ነጠላ

በፋሲካ ማግስት ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆናችሁ የማታውቁ፣ እግዜር የሚወዳችሁ ናችሁ። ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ጎመን የለመደ ሆድ ባንድ ጊዜ ዶሮና ቅቤ ይወርድበታል። በማግስቱ የከተማችን የራቤል ሰው ግማሹ ሆዱን፣ ግማሹ ራሱን ይዞ በረንዳችን ላይ ይደረደራል። እኔም ብሆን ያን ቀን የበላሁት ዶሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰው ሁሉ ዘመድ ሲጠይቅ እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ የሰው ቅርሻት እጠርጋለሁ እያልኩ ስነጫነጭ ነው የገባሁት።

ስሜ መሠረት ነው። ያኔ በነርስነት ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። ሰው ፊት ለፊት "ሲስተር" ይለኛል፤ ዞር ስል "ሚጥሚጣዋ" እንደሚለኝ አውቃለሁ። ሐሰት አይደለም። በሽተኛን መቆጣት የሕክምናው ግማሽ ይመስለኝ ነበር። "ኪኒኑን ማን አቋርጥ አለህ? ውሃውን አፍልተሽ አጠጪው አላልኩሽም?" ስል እውላለሁ። የምናገረው ብዙ፣ የምጠይቀው ጥቂት። ይህን የማወራችሁ ደግነቴን ልነግራችሁ አይደለም፤ በዚያ ቀን በገዛ አፌ ሰው ልገድል ስንዝር ያህል እንደቀረኝ እንድታውቁልኝ ነው።

ሦስት ሰዓት ገደማ እማሆይ አጸደ ልጃቸውን ሸዋዬን ተደግፈው ገቡ። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው በልጃቸው ቤት የሚኖሩ፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ አሮጊት ናቸው። ልባቸው መምታቱ እየዘገየባቸው ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተዝለፍልፈው ወድቀው ነበር። በዐቢይ ጾም መሃል፣ በደብረ ዘይት ሰሞን፣ አዲስ አበባ ተወስደው ፔስሜከር ተገጠመላቸው። ፔስሜከር ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ሰፋ የምትል መሣሪያ ናት፤ በግራ ደረት በኩል ከቆዳ ሥር ትቀበራለች። ከሷ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ በደም ሥር ገብቶ ጫፉ ልብ ውስጥ ይተከላል። ልብ ስትዘገይ መሣሪያዋ በሽቦው በኩል "ምቺ" ትላታለች። የእማሆይ ልብ በደቂቃ ከስልሳ እንዳታንስ ተደርጎ ነው የተሞላው።

ስፌቱን የፈታሁላቸው እኔ ነኝ። የመከርኳቸውም እኔ ነኝ። "ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሡ! የግራ እጅዎን ከትከሻ በላይ እንዳያወጡ!" ብዬ ጮህኩ፤ እሳቸው "እሺ ልጄ" አሉ፤ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ።

"ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" አሉኝ ያን ቀን፣ ገና ሳይቀመጡ።

"በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።"

"አሠሮ ለሰይጣን።"

"አግዐዞ ለአዳም" አልኩና ወረፋውን በዓይኔ ለካሁ። እማሆይ ግን ሰላምታ ከመሃል የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። እስከ "ፍሥሐ ወሰላም" አድርሰውኝ ነው የተቀመጡት።

"እህ፣ ምን ሆኑ?"

"ከቅዳሜ ጀምሮ ስቅ ስቅ ይለኛል ልጄ። ጉልበቴም ዝሏል። ማን እንደሚያማኝ እንጃ።"

"ማንም አላማዎትም! የፋሲካ ቅባት ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው።" የጨጓራ ኪኒን ቆጥሬ በወረቀት ጠቀለልኩ። "ዶሮውን ቀነስ፣ ቅቤውን ቀነስ! ሰምተዋል?"

እማሆይ ሸዋዬን አዩዋት። ሸዋዬ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። "እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉና ተነሡ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ዘልዬ ያዝኳቸው፣ ወንበሩ ላይ መልሰን አስቀመጥናቸው። እጄ በልማዱ አንጓቸውን ጨበጠ፤ ዓይኔ ደግሞ ነጠላቸው ላይ አረፈ።

መቼም ስቅታ የያዘው ሰው ታውቃላችሁ። አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል፤ ጉሮሮውም ይጮኻል። የእማሆይ ጉሮሮ ዝም ነው። ከጎድናቸው በታች ግን ነጠላው ብድግ፣ ብድግ፣ ብድግ ይላል፣ ልክ እንደ ግድግዳ ሰዓት። ነጠላው ሲዘል ከጣቴ ሥር አንዴ መታ። እንደገና ዘለለ፤ ከጣቴ ሥር ምንም የለም። ስልኬን አውጥቼ ደቂቃ ያዝኩ። ነጠላው ስልሳ ጊዜ ዘለለ። ልባቸው ሠላሳ አራት ጊዜ መታች።

ስልሳ! የመሣሪያዋ ቁጥር!

"እማሆይ፣ ለመሆኑ ዶሮ ምን ያህል በሉ?"

"የምን ዶሮ? ከመነኮስኩ ወዲህ ሥጋ አፌ ገብቶ አያውቅም።"

"እርጎ ብቻ ነው የቀመሰችው" አለች ሸዋዬ።

"ታዲያ ቅድም ለምን አልነገራችሁኝም?"

"መች ጠየቅሽን?"

እውነቷን ነው፤ አልጠየቅኩም።

አልጋ ላይ አስተኝተን የልብ ማንበቢያውን ማሽን ደረታቸው ላይ ለጠፍኩ። ፔስሜከር ያለበት ሰው ወረቀት ላይ መሣሪያዋ ባዘዘች ቁጥር ቀጥ ያለች ቀጭን መስመር ትታያለች፤ ከኋላዋ ወዲያው የልብ ምት ይከተላል። የእማሆይ ወረቀት ላይ መስመሮቹ በሥርዓት ተሰልፈዋል፤ ልብ ግን አትከተላቸውም። እሷ በራሷ ጊዜ፣ ደክሟት፣ አልፎ አልፎ ትመታለች። መሣሪያዋ ልብን ትጣራለች፤ የሚመልስላት ሆድ ነው።

ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ መሣሪያዋን ለገጠመው ዶክተር በቴሌግራም ላክሁለት፤ ቁጥሩ የመውጫ ወረቀታቸው ላይ ነበር። ኢንተርኔታችን አጥሩ ጥግ ካልቆሙ አይሠራም፤ እዚያ ቆሜ ልኬ ደወልኩ። ከበስተጀርባው ሕፃናት ይንጫጫሉ።

"ሲስተር፣ ይህን ማን አየው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሽቦው ከቦታው ወጥቷል። ጫፉ ተንሸራቶ ከልብ በታች ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ እየመታ ነው፤ ለዚህ ነው ሆዳቸው የሚዘለው። የራሳቸው ልብ ይህችኑ ሠላሳ አራቷንም ካቆመች…" አልጨረሰውም። "ምን ሆነው ነው? ወደቁ? ከባድ ነገር አነሡ?"

ስልኩን እንደያዝኩ ሮጬ ገባሁ። የለመደ አፍ አይደል፣ መጀመሪያ የወጣኝ ቁጣ ነው። "እማሆይ! ከባድ ነገር እንዳያነሡ አላልኩም?"

"አላነሣሁም።"

"ውሃ ቀዱ? እንጨት ተሸከሙ?"

"እንስራ አልነካሁ፣ እንጨት አልነካሁ። እመብርሃን ምስክሬ ናት።"

"እውነቷን ነው፤ ድስት እንኳ ከምድጃ አላወረደችም" አለች ሸዋዬ። እንባዋ መጥቷል።

ዓይናቸውን አየሁት። አይዋሹም። ያኔ በሰባት ዓመት ሥራዬ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "እማሆይ፣ እስቲ ያለፉትን ቀናት ውሎዎን ያጫውቱኝ። ሐሙስ ጠዋት ይጀምሩልኝ።"

ፊታቸው ፈካ። ሐሙስን አወሩኝ፤ ጉልባኑን፣ እግር አጠባውን። "ዓርብማ ስቅለት አይደል? ስሰግድ ዋልኩ።"

"ሰገዱ?"

"ምነው፣ አንቺስ አልሰገድሽም? ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከሕዝቡ ጋር ሰገድኩ። በኋላ ለጥብጠባው መምሬ ጥላሁን ፊት ቀረብኩ። 'በጾም ሆስፒታል ተኝቼ ወተት ጠጥቻለሁ' አልኳቸው። በወይራው ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝና 'ሕመምተኛ ነሽ፣ አይቆጠርብሽም። ሕሊናሽ ካላረፈ ግን አሥር ስገጂ' አሉኝ።"

"አሥር ብቻ?"

"አሥርማ ለሕፃን ነው! ራርተውልኝ እንደሆነ ገባኝ። ቤቴ ገብቼ ሁለት መቶ ጨመርኩበት።"

ኤዲያ! ራሴን ያዝኩ። ሲሰግዱ እጅ ተዘርግቶ መሬት ይነካል፤ ሲነሡ መላ ሰውነት በመዳፍ ላይ ይደገፋል። ያ ገና ሥር ያልሰደደ ሽቦ ስንት መቶ ጊዜ ተጎተተ!

"እማሆይ፣ ከባድ ነገር አያንሡ ስልዎት…"

"ስግደት ምን ይነሣበታል ልጄ? መውደቅ እንጂ ማንሣት የለበትም" አሉኝ፣ ከልባቸው።

ካልኳቸው ነገር አንዷንም አላፈረሱም። የሚያሳፍረው ደግሞ እኔ የዲያቆን ልጅ ነኝ። ዓርብ ዕለት ከኋላቸው ሦስት ረድፍ ርቄ ስሰግድ ነበር። አይቻቸዋለሁ! ወድቀው ሲነሡ አይቼ "አይ የአሮጊቷ ብርታት!" ብዬ አድንቄያቸዋለሁ! ጋዋኔን ቤት ሰቅዬ ስለወጣሁ ነርስነቴም አብሮ ተሰቅሎ ቀረ። ሸዋዬ ፊት አለቀስኩ ብል አትታዘቡኝ፤ አለቀስኩ።

ዶክተሩ ስልኩ ላይ ሁሉንም ሰምቷል። "ሁለት መቶ?" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። ወዲያው ግን ወደ ሥራው ተመለሰ። "ስሚኝ ሲስተር፤ በግራ ጎናቸው አስተኚያቸው። ሽቦው ዘንበል ብሎ ልብን መልሶ ሊነካ ይችላል። ካልሆነ በቀኝ ሞክሪ። የልብ ምት የሚያፈጥነውን መርፌ ይዘሽ ከአጠገባቸው እንዳትለዪ። አሁኑኑ ውጡ፣ እኔ ሰዎቼን ሰብስቤ እጠብቃችኋለሁ።"

በግራ ጎናቸው አዞርኳቸው። ነጠላው አንዴ ዘለለ። ሁለቴ ዘለለ። ቆመ። ከጣቴ ሥር ልባቸው መሮጥ ጀመረች፤ ስልሳ! "ተመስገን!" ብዬ ስጮህ በረንዳ ላይ ያለው ሆድ ያመመው ሁሉ በበሩ አንገቱን አሰገገ።

የአምቡላንስ ሹፌራችን ባዩ አዲስ የፋሲካ ልብሱን ለብሶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር። "ሲስተር፣ ዛሬ? አዲስ አበባ?" አለኝ። ፊቴን አየና ቁልፉን አወጣ።

የጓሳን ተራራ መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኔ የመኪናው ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ እማሆይ ወደ ኋላ እንዳይንከባለሉ ጀርባቸውን በትከሻዬ ደግፌ፣ አንድ እጄ አንጓቸው ላይ፣ አንድ እጄ ሆዳቸው ላይ ነው። ሸዋዬ ከእግራቸው በኩል ተቀምጣ ትጸልያለች። ባዩ እያንዳንዷን ጉድጓድ "መጣች!" እያለ ይነግረናል። ጓሳ አናት ላይ ጉም ወረደብን፤ በዚያ ላይ የጭላዳ መንጋ መንገዱን ሞልቶ ተቀምጦ አንዱ የአንዱን ፀጉር ይበጥራል። ባዩ ጥሩምባውን ቢነፋ ማን ሰምቶት!

"ተዋቸው፣ እነሱም በዓል ላይ ናቸው" አሉ እማሆይ። ሁላችንም ሳቅን። እየሳቅን ሳለ አንዱ ወንድ ጭላዳ ድንገት ዘሎ ጎማው ፊት ገባ፤ ባዩ ፍሬን ረገጠ። መኪናው ተናጠ፣ እማሆይ ከትከሻዬ አመለጡና በጀርባቸው ተዘረሩ።

ከእጄ ሥር ሆዳቸው ዘለለ። አንጓቸው ላይ ዝም። ቆየሁ። ዝም። አንዴ መታ። እንደገና ዝም። ከንፈራቸው አመድ መሰለ፣ ዓይናቸው ወደ ላይ ሄደ።

"እማዬ!" ሸዋዬ ጮኸች።

"ባዩ፣ አቁም! ሸዋዬ፣ ነይ አዙሪያቸው!" እያልኩ መርፌውን በጥርሴ ከፈትኩ። ደም ሥራቸው ውስጥ ገፋሁት። ባዩ ከፊት ዘሎ መጣ፤ ሦስታችን ተጋግዘን በግራ ጎናቸው መለስናቸው። ሆዳቸው አሁንም ይዘላል። ጥቂት ወደ ፊት ደፋ አደረግናቸው። ይዘላል። "ትንሽ ጨምሩ!" አልኩ፤ በደረታቸው ሊተኙ ምንም እስከማይቀራቸው ድረስ አዘነበልናቸው። የሆዳቸው ዝላይ ቀጥ አለ። አንጓቸው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተከታትሎ መታ።

ከንፈራቸው ቀስ እያለ ቀላ። ዓይናቸውን ገልጠው ባዩን አዩት። "አንተ ልጅ፣ ልብስህን አቆሸሽከው" አሉት። ባዩ እውነትም ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኗል። ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ያን የሚያህል ሰውዬ።

ከዚያ በኋላ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ከትከሻዬ ፈቀቅ አላደረግኋቸውም። እግሬ ደንዝዞ የማን እንደሆነ ጠፍቶኛል። እሳቸው ግን ተኝተው የባላቸውን ስስት፣ የሸዋዬን የልጅነት ክፋት ያጫውቱናል። ያን ያህል መንገድ አብሬያቸው ስሄድ ስለ እሳቸው በሁለት ዓመት ክትትል ያላወቅሁትን አወቅሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ዶክተሩ በር ላይ ቆሟል፤ ወጣት ነው፣ የበዓል ጥልፍ ሸሚዙን እንኳ አላወለቀም። "ያገኘሽው አንቺ ነሽ፣ ግቢና እይ" ብሎ ከባዱን የጨረር መከላከያ ልብስ አስለበሰኝ። እማሆይ ቦታው ብቻ ደንዝዞላቸው ነቅተው ነው የተኙት፤ ከጨርቁ ሥር ዳዊታቸውን ያነበንባሉ። እስክሪኑ ላይ ልባቸው እንደ ጥላ ትታያለች፤ ሽቦው በመሃሏ ጥቁር ክር ሆኖ ይወርዳል።

"ይኸውልሽ፣ ጫፉ እዚህ ነበር መሆን ያለበት" አለኝና ጣቱን ዝቅ አደረገ፤ "እይ የት እንደወረደ።"

ስፌቱን ከፍቶ ሽቦውን ቀስ አድርጎ ሳበው። መልሶ ገፋው። አልያዘም። እንደገና ሳበው፣ እንደገና ገፋው። በሦስተኛው ጫፉ ልብ ግድግዳ ላይ ተቀመጠ፤ ልብ ስትመታ አብሮ ይወዛወዛል እንጂ አይላቀቅም። ጠምዝዞ አጠበቀው። "እማሆይ፣ በኃይል ይተንፍሱ። ይሳሉ።" ሳሉ። አልተነቃነቀም።

"አሁን የመጨረሻው ፈተና ነው" አለ። "የመሣሪያዋን ኃይል እስከ ጣሪያው ከፍ አደርገዋለሁ። ሽቦው አሁንም ጡንቻውን የሚነካ ከሆነ ሆዳቸው ይዘላል። ሲስተር፣ እጅሽን ከጨርቁ ሥር ሆዳቸው ላይ አድርጊ።"

አደረግሁ። ኃይሉ ጨመረ። ከመዳፌ ሥር ያለው ትንፋሻቸው ብቻ ነው፤ ወጣ፣ ገባ። እስክሪኑን አየሁት፤ መስመር፣ ልብ። መስመር፣ ልብ። አንዷም አልተሳተች።

"እህ?" አለ ዶክተሩ።

እልልታዬን አቀለጥኩት። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ! ዶክተሩ "ሲስተር! ሲስተር!" ይላል። ከጨርቁ ሥር የእማሆይ ድምፅ መጣ፤ "ተዋት፣ ፋሲካ ነው።" በሩ ውጭ ሸዋዬ እልልታውን ሰምታ ተቀበለችኝ፤ ባዩም ከግቢ ጥሩምባውን ነፋ።

በማግስቱ ዶክተሩ አልጋቸው ላይ ቁጭ አለ። ከባዱ ነገር ገና መሆኑን አውቋል። "እማሆይ፣ ሽቦው ሥር እስኪሰድ ስድስት ሳምንት ስግደት የለም። እንደሚከብድዎት አውቃለሁ፤ ግን…"

እማሆይ ሳቃቸው አመለጣቸው። ቁስላቸውን ይዘው ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ ክርስትና ተነሥተሃል?"

"ተነሥቻለሁ እማሆይ።"

"ታዲያ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳውን ቀን ስግደት እንደሌለ እናትህ አልነገረችህም? አንተ ስድስት ሳምንት ትለኛለህ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ሳምንት ከልክላኛለች! ምን ልታስጨንቀኝ መጣህ?"

ዶክተሩ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። ሁለታችንም ሃምሳውን ቀን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ስፌቱን ስፈታ "እማሆይ፣ ከፊትዎ ያሉት ሳምንታት ምን ምን አሉባቸው?" ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ሕማማት መሆኑን ይነግሩኝ ነበር፤ በዚያች አንዲት ጥያቄ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔን ያስተማረኝ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሚጥሚጣነቴ ጨርሶ ለቀቀኝ አልላችሁም፤ የምን መዋሸት ነው! አሁንም እቆጣለሁ። ነገር ግን መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት እቀመጣለሁ። ሸማኔውን "ስትሠራ እጅህ እንዴት እንደሚሄድ አሳየኝ" እለዋለሁ። ባለ በጎቿን "ጓሳ የምትወጪው በየትኛው ቀን ነው?" እላታለሁ። ወረፋው ይረዝማል፣ ሰው ያጉረመርማል፤ ይበል። እናንተም ከሐኪም ቤት ስትወጡ ዝም ብላችሁ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ አትውጡ። ነገ የምትውሉትን፣ የምትጾሙትን፣ የምትሸከሙትን፣ የምትሰግዱትን ንገሩን። እኛ ካልነገራችሁን አናውቀውም፤ አብረናችሁ ብንሰግድ እንኳ።

እማሆይ በስድስተኛው ሳምንት ለቀጠሮ ሄደው ሽቦው ጠብቆ ተገኘ፤ ዶክተሩም ፈቀደላቸው። ጰራቅሊጦስ ባለፈ በማግስቱ ጤና ጣቢያችን መጡ። ወረፋ ይዘው፣ ተራቸው ሲደርስ ከሸዋዬ ጋር ገብተው ተቀመጡ።

"ምን ሆኑ እማሆይ?"

"ምንም። የስግደቴን ቁጥር ልትሰጪኝ ነው የመጣሁት። በቀን ስንት?"

"እኔ ካህን ነኝ እንዴ?"

"መምሬ ጥላሁን 'ከእንግዲህ ሲስተር ያለችሽን ነው' ብለውኛል።"

አሰብኩ። "ለጊዜው አሥር።"

"ሰማሽ፣ ሸዋዬ? እንደ መምሬ ልትራራልኝ! ሁለት መቶ።"

"ሃያ። ከዚያ በላይ ወይ ፍንክች!"

"መቶ።"

እንዲህ ስንከራከር በረንዳው ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ በኪራላይሶን ቁጥር፣ በአርባ አንድ ተስማማን፤ ቀስ ብለው፣ በቀኝ እጅ ተደግፈው። ተነሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ መለስ አሉና "አርባ ሁለት ይሁንልኝ" አሉኝ።

"ተስማምተን አልነበረም እንዴ? የመጨረሻዋ ምን ናት ደግሞ?"

"እሷማ ያንቺ ናት። ጓሳ ላይ የያዝሽኝን እጅሽን እግዜር እንዲባርክልኝ ነው።"

አልከለከልኳቸውም።